ስልጠናው ለማን ነው የተዘጋጀው?

የዚህ ወር ጨዋታችን ከመሥሪያ ቤት ይጀምራል፤ ወደ በኋላ ግን እቤታችሁ ድረስ ይገባል።

በመሥሪያ ቤታችሁ የሳይበር ደህንነት ስልጠና ወስዳችሁ ከሆነ አካሄዱን ታውቁታላችሁ። ከአይቲ ክፍል ሊንክ ይላካል። ስትከፍቱት ፈረንጅ የቢሮ ሠራተኞች ፈገግ ብለው የሚታዩበት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስላይድ ይመጣል። "ቀጥል" የሚለውን አርባ ጊዜ ትጫናላችሁ። መጨረሻ ላይ አሥር ጥያቄ አለ፤ መልሱን ቀድሞ የጨረሰ ባልደረባ በቴሌግራም ይልክላችኋል። ሰርተፊኬት ይወጣል፣ አለቃም "ሠራተኞቻችን መቶ በመቶ ሰልጥነዋል" ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። "የማታውቁትን ሊንክ አትክፈቱ" የሚለው ስልጠና ራሱ በማናውቀው ሊንክ መምጣቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። ግን የምሠራበት ድርጅት እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለ የስልጠና ፕላትፎርም ለመግዛት ሲያስብ አንድ ሥራ ለእኔ ደረሰ። ስልጠናውን የሚወስዱት ሰዎች እነማን እንደሆኑ በወረቀት ላይ አስፍር ተባልኩ። ነገሩ ከእኛ ሙያ የራቀ አይደለም። አንድን ዕቃ ለገበያ ስናቀርብ "ደንበኛችን ሁሉም ሰው ነው" ብለን አንነሳም። አንድ ሰው በምናባችን እንፈጥራለን። የት ትኖራለች? ጠዋት በባጃጅ ነው በእግሯ ወደ ሥራ የምትሄደው? ገንዘብ የምታወጣው መቼ ነው? ሳትገዛ የምትመለሰው ምን ፈርታ ነው? ይህን የደንበኛ ምስል ፐርሶና እንለዋለን። ወደ ኮምፒዩተሩ ዓለም በሰፊው ያስገባው አላን ኩፐር የሚባል አሜሪካዊ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ። ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች "ተጠቃሚው" እያሉ ሲያወሩ እያንዳንዳቸው በሐሳባቸው የያዙት ሌላ ሰው መሆኑን ስላየ፣ አንድ የተወሰነ ሰው በስምና በጠባይ ቁጭ አድርገው እንዲሠሩለት ነገራቸው።

የደህንነት ስልጠና ግን እስከዛሬ የሚሠራው "ለሁሉም ሠራተኛ" ነው። "ሁሉም ሠራተኛ" የሚባል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሌባው እንዲህ አይሠራም። አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ አጥማጆቹን ብታዩ ለቆሮሶ መረብ ይዘረጋሉ፣ ለአምባዛ ደግሞ መንጠቆ በረጅም ገመድ ላይ ያስራሉ። ሁለቱን ዓሣ በአንድ ዘዴ ልያዝ የሚል አጥማጅ ባዶ እጁን ይመለሳል። በኢሜይልና በመልእክት የሚደረገው ማጭበርበር በእንግሊዝኛ ስሙ ከዓሣ ማጥመድ ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ያለው ያለ ነገር አይደለም። አጥማጁ ማን ምን እንደሚበላ አጥንቶ ነው የሚመጣው።

የዚህ ጥናት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ባንግላዴሽ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ሌቦች ከአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ 81 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊፒንስ አሻገሩ፤ የሞከሩት ደግሞ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። በሩን የከፈተላቸው ሥራ ፈላጊ መስሎ የትምህርትና የሥራ ማስረጃውን የላከ ሰው ኢሜይል ነው። ሥራ የሚቀጥር ሰው የሥራ ማመልከቻ እንደሚከፍት ያውቁ ነበራ! ቀኑንም አስልተውታል። ባንግላዴሽ ውስጥ የሳምንቱ መጨረሻ አርብና ቅዳሜ ነው፤ ገንዘቡ የተቀመጠበት ኒውዮርክ ቅዳሜና እሑድ ይዘጋል፤ ማኒላ ላይ ደግሞ ሰኞው የቻይናውያን አዲስ ዓመት በዓል ነበር። ሦስት አገር ያሉ ሠራተኞች መቼ ከወንበራቸው እንደሚነሱ አጥንተው በመሃሉ ገቡ። አርብ ጠዋት የባንኩ ማተሚያ ማሽን የዝውውሩን ወረቀት አላትም አለ፤ ሠራተኞቹም እንደ ማንኛውም ቀን ብልሽት አዩት። ከዝውውሮቹ አንዱን ያስቆመው በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ የነበረ የፊደል ግድፈት ነው። እኛ "ፐርሶና ምን ያደርጋል?" እያልን ስንከራከር ሌቦቹ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ፐርሶና በእጃቸው ይዘው ነበር ማለት ነው።

እኔም ሥራዬን የጀመርኩት "እኔ ሌባ ብሆን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ማንን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ብዬ እይዘዋለሁ?" ከሚል ጥያቄ ነው። ስሞቹ ሁሉ የፈጠራ ናቸው፤ ለአንድም ባልደረባ ተብለው የተጻፉ አይደሉም። ወረቀቱን አይተው "ይሄማ እኔ ነኝ" ያሉ ሦስት ሰዎች ግን ተገኝተዋል።

የመጀመሪያዋን ሰው "እትዬ" አልኳቸው። እትዬ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሠርተዋል። ያለ ደረሰኝ አምስት ብር አያወጡም። ብዙ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ሴት "ቴክኖሎጂ የማያውቁ ትልልቅ ሰዎች" በሚል ሳጥን ውስጥ ትገባለች፤ በእኔ አስተያየት ይህ ሳጥን ምንም አይጠቅምም። ዕድሜና የትምህርት ደረጃ መጻፍ ቀላል ነው፣ ግን ስለ ሰውዬው ምንም አይነግረንም። እትዬን ለአደጋ የሚያጋልጣቸው የኮምፒዩተር እውቀት ማነስ አይደለም። ለአለቃ ያላቸው አክብሮት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሰኔ ወር።

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል። የሒሳብ ክፍል የትዳር ጓደኛ ያላችሁ አንባቢዎች ያንን ሳምንት ታውቁታላችሁ፤ እራት ለብቻ የሚበላበት ሳምንት ነው። አሁን አርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ይሁን። በእትዬ ቴሌግራም ላይ የሥራ አስኪያጁ ፎቶ ያለበት መልእክት ይገባል። "እትዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ስልክ ማንሳት አልችልም። ለዚህ አቅራቢ ክፍያው ዛሬውኑ ይፈጸምልኝ። ሰነዱ ሰኞ ይደርስዎታል።" ከሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ።

ስልጠናው ለዚህ የሚሰጣቸው መልስ "የላኪውን የኢሜይል አድራሻ በጥንቃቄ አንብቡ" የሚል ነው። ለእትዬ ግን ትእዛዝ በኢሜይል መጥቶላቸው አያውቅም። ትእዛዝ የሚመጣላቸው በስልክ፣ በቴሌግራም፣ አንዳንዴም በሾፌር አፍ ነው። ስለዚህ በእትዬ ወረቀት ላይ "ምን ማወቅ አለባቸው?" ከሚለው ይልቅ "ማንን ይፈራሉ?" የሚለውን አስቀደምኩ። መልሱ ቀላል ነው። ስብሰባ ላይ ያለ አለቃን ደውሎ ማቋረጥ ይፈራሉ። ይህን ፍርሃት የሚያነሳላቸው ስላይድ የለም፤ የሚያነሳላቸው አለቃቸው ብቻ ነው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በሌላ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ የሆነች የማውቃት ሴት አለች። እንዲህ ባለ መልእክት የሁለት ወር ደመወዟን የሚያህል ብር ላከች፤ ገንዘቡም ከደመወዟ እየተቆረጠ ለወራት ከፈለች። ለባለቤቷ የነገረችው ቆይታ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የደመወዙን ማነስ በእቁብ ታሳብብ ነበር። እኔን ከገንዘቡ በላይ ያሳዘነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ተመሳሳይ መልእክት የደረሳቸው ሌሎች የዚያ ቢሮ ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዳቸውም ለአይቲ ክፍል አልተናገሩም። ለምን ይናገሩ? የተናገረችው ምን እንደደረሰባት አይተዋል። ሌባውን መቅጣት የሕግ ሥራ ነው፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። መሥሪያ ቤቶች ግን ሌባውን ማግኘት ሲያቅታቸው የተታለለውን ይቀጣሉ፣ በዚያው መጠን ሠራተኛው ሁሉ ዝም ይላል።

ሁለተኛው "ጋሼ" ናቸው፤ የድርጅቱ ሾፌር። ጋሼ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው አያውቁም፣ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል የላቸውም፣ ስለዚህ የስልጠናው ሊንክ ራሱ አይደርሳቸውም። ሪፖርቱ ላይ "መቶ በመቶ" ሲባል ጋሼ ከመቶው ውስጥ የሉም። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚከፈለው በዲጂታል መንገድ ስለሆነ የድርጅቱ ገንዘብ ያለው በጋሼ ኪስ፣ በስልካቸው ውስጥ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር የገንዘብ ያዥነትን ሥራ በከፊል ለሾፌርም፣ ለተላላኪም፣ ለሻይ ቤቷ ባለቤትም አካፍሏል። ስልጠናውን ግን አላካፈለም። ጋሼ መንገድ ላይ ሳሉ "5,000 ብር ገቢ ሆኖልዎታል" የሚል ጽሑፍ ይደርሳቸዋል፤ ወዲያው ስልክ ይደወላል፤ "አባቴ፣ በስህተት ነው የላክሁት፣ የልጅ ሕክምና ነው፣ እባክዎን ይመልሱልኝ።" ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ነው የተጠናው። ለእሳቸው የሚሆነው ስልጠና ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከሚል ላኪ እንጂ ከግለሰብ ስልክ አይደለም፤ ከመመለስዎ በፊት ጽሑፉን ትተው ቀሪ ሒሳብዎን ይዩ፤ የሚስጥር ቁጥርዎን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። ይህ በድምፅ፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ መኪናው ቆሞ ሰው በሚጠብቁበት ሰዓት ቢላክላቸው ይበቃል።

ጥበቃውም እንደዚሁ ነው። "የኢንተርኔት መስመር ልጠግን ነው" ብሎ መሰላል ተሸክሞ የመጣን ሰው ማስገባት እንዳለበት ወይም እንደሌለበት የነገረው የለም።

ሦስተኛው "ማሙሽ" ነው፤ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ። ማሙሽ ስለ ሳይበር ሁሉን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ቢሮ ውስጥ ስልክ የሚያስተካክለው፣ ለእትዬ አዲስ አፕ የሚጭንላቸው እሱ ነው። የይለፍ ቃሉ ግን ለፌስቡክም ለመሥሪያ ቤቱም አንድ ነው፤ የክለቡ ስምና የተወለደበት ዓመት። ክፍያ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ሲያስፈልገው ቁልፉ የተሰበረውን ከቴሌግራም ቻናል አውርዶ በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ይጭናል። የተሻለ ሥራ ስለሚፈልግ "ፎርሙን ይሙሉ" የሚል ማስታወቂያ ሲያይ አያመነታም፤ ወዳጁ "እህቴ ለውድድር ቀርባለች፣ ድምፅ ስጣት" ብሎ ሊንክ ሲልክለትም አያመነታም። የቴሌግራም አካውንቱን የሚቀሙት በዚህች በሁለተኛዋ ነው። በማግሥቱ "ትንሽ ብር ቸግሮኛል" የሚል መልእክት በማሙሽ ስም ለቢሮው ሰው ሁሉ ይደርሳል።

መጋቢት 2016 ላይ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ ኤቲኤሞች ከሒሳብ በላይ ብር መክፈል ጀመሩ፤ ወሬው በስልክ መልእክት ከዶርም ወደ ዶርም ተዛመተ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ተሰለፉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን፣ ከራሱ የሥርዓት ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑን አስታወቀ፤ በኋላም ገንዘቡን ያልመለሱትን ስምና ፎቶ አወጣ። እኔ ይህን የማነሳው ወጣቶቹን ለመውቀስ አይደለም። የማሙሽ ትውልድ መልእክት ሲደርሰው በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚንቀሳቀስ ያሳየ ሌሊት ስለሆነ ነው። ለእሱ "ተጠንቀቅ" የሚል ስላይድ ማሳየት ጊዜ ማባከን ነው፤ የሚያሻው በራሱ ስልክ ላይ የሐሰት መልእክት ልኮ እንዴት እንደተያዘ ማሳየት ነው፤ ያውም ሰው ፊት ሳያሳፍሩ።

ከድርጅታችን ውጪ አንዲት ልጅ ደግሞ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ሐምሌ 2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከገጠር የመጡ። ከእነሱ መሃል የመጀመሪያ ደመወዟ የመጀመሪያ የባንክ ሒሳቧ ላይ የገባላት ትኖራለች። የሚስጥር ቁጥሯን የምታውቀው አብራ ቤት የተከራየች ጓደኛዋ ናት፤ ምክንያቱም ስልኩ የጋራ ነው። "የሚስጥር ቁጥርሽን ለማንም አትስጪ" የሚለው ምክር ለእሷ "ጓደኛሽን አትመኚ" ማለት ሆኖ ነው የሚሰማት። አንድ ፋብሪካ ይህችን ልጅ ሳያስብ በእንግሊዝኛ፣ ይቅርና በአማርኛ፣ ስልጠና ቢያዘጋጅ ለማን ነው? በሲዳሙ አፎ፣ ከመስመር ኃላፊዋ አፍ፣ ደመወዝ በሚገባበት ቀን ዋዜማ መሆን አለበት።

የቀሩት "አለቃ" ናቸው። ወረቀታቸውን ለመሙላት ስሄድ "እኔ እንኳ ስልጠናው አያስፈልገኝም፣ ጊዜም የለኝም" አሉ። ጽፌ ያዝኩት፤ ከዚህ የተሻለ የፐርሶና መግለጫ አላገኝም ነበር። የይለፍ ቃላቸውን ጸሐፊያቸው ታውቀዋለች፤ ላፕቶፓቸው ማታ እቤት ልጆች ጨዋታ ይጫወቱበታል። ለእትዬ የተላከው መልእክት ላይ ያለው ፎቶ የማን እንደነበረ ደግሞ አትርሱ።

በመጨረሻ አምስት ገጽ ወረቀት ይዤ ከሻጩ ጋር ተቀመጥን። ጥያቄዎቼ የቴክኒክ አልነበሩም። ኢሜይል ለሌለው ሰው በስልክ ይደርሳል? በድምፅ ይሆናል? በአማርኛና በሲዳሙ አፎ መጫን ይቻላል? በሰኔ መጨረሻ ለሒሳብ ክፍል ብቻ አንድ ማስታወሻ መላክ ይቻላል? ተታልሎ ሪፖርት ያደረገ ሠራተኛ ስም ለአለቃ ሳይደርስ ለአይቲ ብቻ ሊደርስ ይችላል? ለሁለቱ "አዎ"፣ ለሁለቱ "በሚቀጥለው" ተባለ። ስለ ስሙ ያለው ግን የሻጩ ሳይሆን የእኛ ጉዳይ ነው አሉን፤ እውነታቸውን ነው። ግዢው እስካሁን አልተፈጸመም። አለቃ ግን የእትዬን ወረቀት ካነበቡ በኋላ በድርጅቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በድምፃቸው አንድ መልእክት ለቀቁ፤ "በእኔ ስም ገንዘብ ላኩ የሚል ጽሑፍ ከመጣ፣ የትም ብሆን፣ ስብሰባም ላይ ብሆን ደውሉልኝ። ያልደወለ እንጂ የደወለ አይጠየቅም።" ሃያ ሰከንድ አይሞላም፤ አንድ ብርም አልወጣበትም።

በየዓመቱ ጥቅምት የሳይበር ደህንነት ወር ተብሎ ይከበራል፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም ትምህርት ይሰጣል። መልካም ነው። እናንተ ግን ጥቅምትን ሳትጠብቁ ይህንኑ ሥራ እቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ቤተሰብም የራሱ እትዬና ማሙሽ አለው። እናታችሁ ብር ሲልኩ ስልኩን የሚነካላቸው የጎረቤት ልጅ ነው ወይስ የራሳችሁ ልጅ? ከውጭ አገር ያለ ወንድም በድንገት በአዲስ ቁጥር "ስልኬ ጠፍቶ ነው" ቢል ማን መጀመሪያ ያምናል? የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጃችሁ ጨዋታ የሚያወርደው በማን ስልክ ነው፤ ያ ስልክ ላይስ የባንክ አፕ አለ? ሱቅ ያላችሁ ደግሞ፣ ደንበኛ "አስገብቻለሁ" ብሎ የደረሰኝ ፎቶ ሲያሳያችሁ፣ የምታዩት ፎቶውን ነው ወይስ የራሳችሁን ሒሳብ? በተለይ በበዓል ዋዜማ፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ፣ ሠራተኛዋ ብቻዋን ስትሆን?

ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ጠይቁ፤ ግን እንደ ፈተና አታድርጉት። "እማዬ፣ እኔ ነኝ የሚል ሰው በሌላ ቁጥር ደውሎ ብር ቢጠይቅሽ ምን ብለሽ ታጣሪያለሽ?" በሏቸው። አንዲት የማውቃት ሴት እናቷን እንዲህ ስትጠይቃቸው መልሳቸው ፈጣን ነበር፤ "ሰርግሽ ላይ ወጡ ያረረበት ማን እንደነበረ እጠይቃለኋ!"